ወረቀት ሳያነቡ የማያሳልፉት ጋሽ ደምሴ

ዛሬ ሰመራ ውስጥ ሦስት ጓደኞቼ ዘንዶ ሊገድሉ ተነሥተው አንድ ኬላ ላይ ሰዓት ሙሉ ተገተሩ።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ዳይስ የሚባለውን ባለቁጥር ጠጠር እየወረወርን እነሱ ጀግኖች ይሆናሉ፤ እኔ ታሪኩን እየነገርኩ በመንገድ የሚያገኟቸውን ሰዎች ሁሉ እሆናለሁ።

እስከ ዛሬ ለበር ጠባቂዎቼ ጠባሳና ረጅም ጢም እሰጥ ነበር። ማንም አያስታውሳቸውም።

ዛሬ ግን በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አዋሽ ኬላ ላይ ጠባቂ የነበሩትን ጋሽ ደምሴን አመጣሁ።

ጋሽ ደምሴ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የይለፍ ወረቀት ሲሰጧቸው ጮክ ብለው፣ ፊደል በፊደል፣ እስከ ማኅተሙ ያነባሉ። ሰው ከረዳቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

እሳቸውን ሆኜ የጀግኖቹን ወረቀት ፊደል በፊደል ሳነብ፣ ከጓደኞቼ አንዱ፣ ሚሌ ላይ ሆቴል ያለው ሰዒድ አላስቻለውም። "ጋሼ፣ 'ለሚመለከተው ሁሉ' ነው የሚለው" አለኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"ወላሂ፣ ዘንዶው ይሻለናል" አለ።

ይሄኔ ሌላዋ ጓደኛዬ ዘሀራ ዳይስ ወረወረችና የያዘቻት ጀግና ክፉኛ ታመመች። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው። "እለፉ፤ ስትመለሱ አነበዋለሁ።"

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። በወባ ስንቀጠቀጥ እናቴ አዝላኝ ኬላው ላይ ስትደርስ ጋሽ ደምሴ ያሏት ነው።

ዘንዶው ከሞተ በኋላ ለመመለሻ አቋራጭ መንገድ አሳየኋቸው። እምቢ ያለው ሰዒድ ነው።

"ሰውየው እኮ ወረቀታችንን አላነበቡም።"

ተመለሱ። እኔም እስከ ማኅተሙ አነበብኩ። ማንም አልረዳኝም።

እናንተስ፣ ድሮ መንገድ ላይ አቁሟችሁ እስካሁን ከልባችሁ ያልወጣ ሰው ማነው?