ጎርፍ የጠጣ ባትሪ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ አፌን በሻሼ ጫፍ ሸፍኜ ነው የማወራው። ስጽፍ ግን ማንም አያየኝም። አገሬ መርሳ ያላችሁ፣ እንደኔም በሰው አገር ሰው ቤት ያላችሁ፣ ይህን እወቁልኝ ብዬ ነው። ያየሁት ነገር አስጠልቶኛል፤ በሆዴ ይዤው እህል አልወርድ አለኝ።

ከአገር የወጣሁ ለታ ወንድሜ ሰይድ ሊሸኘኝ አልቻለም። ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ያን ሌሊት ወልድያ ማደያ በር ላይ የቤንዚን ወረፋ ይዞ አድሯል። ደወልኩለት። «እህት አለም፣ ከዚህ ንቅንቅ ካልኩ ቦታዬን ይወስዱብኛል። አላህ በሰላም ያግባሽ» አለኝ። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲያቀና እሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ወልድያ ቆሟል። እጅ እንኳን ሳንጨባበጥ ተለያየን። ስለዚህ የቤንዚን ነገር ሲነሳ ከሁሉም በፊት እኔን ያመኛል።

እማየ ድርቆሽ በፌስታል አስይዛኝ ነበር። አማን አየር ማረፊያ፣ ዮርዳኖስ ማለት ነው፣ ፈታሹ በሁለት ጣቱ አንስቶ አሸተተው። አብራኝ የመጣች አረብኛ የምትችል ልጅ ተረጎመችልኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው።»

«ማን ነው የሚበላው?»

«እኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና «እሺ፣ አንቺ ከበላሽው ችግር የለም» ብሎ ወረወረልኝ።

ውሌ የቤት ሠራተኛ ይላል። አሠሪዬ አቡ ራሚ ግን ከቤቱ ጀርባ ጋራዥ ነበረው። ጎርፍ የመታቸውን የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከአሜሪካ በርካሽ ያስመጣል። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ እንደምናውቀው የመኪና ባትሪ እንዳይመስላችሁ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር እንደ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ውስጡ በትንንሽ ሣጥን የተከፋፈለ ነው። ክዳኑን ሲከፍቱት የሚወጣው ሽታ ያስመልሳል። የመርሳ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ የሚተወው ጭቃ እንኳን አፈር አፈር ይሸታል። ይሄ ግን ዓሣ የሞተበት፣ ዘይት የፈሰሰበት፣ ጥቁር ነገር ነው። የወጥ ቤት ጓንት ሰጡኝና ጭቃውን እንድጠርግ፣ ሣጥኖቹን የሚያያይዙትን የመዳብ ቁራጮች ደግሞ ዝገታቸው እስኪለቅ በኮምጣጤ እንድፈትግ አዘዙኝ። «ብርቱካን ቀለም ያለው ገመድ አትንኪ» አለኝ አቡ ራሚ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኛ አገር ብርቱካን ቀለም ያለው ነገር ይበላል፤ እዚህ ይገድላል።

ከሁሉም ያስጠላኝ ሳፋው ነው። መዳቡን በዘፈዘፍኩበት ሳፋ እመቤቲቱ፣ የአቡ ራሚ ሚስት፣ ሊጥ አብኪበት አለችኝ። «የእኛን ዳቦ በሌላው አብኪ፣ በዚህ የሠራተኞቹን» አለች። ከሠራተኞቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ያስመጣኝ ቢሮ ዘንድ ደወልኩ። አማርኛ የሚችል ሰው አነሳው።

«ጋራዥ ነው የሚያሠሩኝ» አልኩት።

«ምን እየሠራሽ?»

«ባትሪ እያጸዳሁ።»

«ለምንድን ነው የመጣሽው?»

«ለጽዳት።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ጋራዥ እኮ ነው...»

«ጋራዡ በቤቱ አጥር ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?»

«ውስጥ።»

«እንግዲያው የቤት ሥራ ነው። በርቺ» ብሎ ዘጋው።

እየቆየሁ አረብኛውን ለመድኩ፤ እያየሁ እያየሁ ሥራቸውም ገባኝ። ከሣጥኖቹ ውስጥ ያበጡትን ያወጣሉ፤ ከሌላ አሮጌ መኪና የተረፉትን በቦታቸው ይከታሉ። አንዱ ደካማ አንዱ ብርቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይታሰራሉ። ከሲታ በሬና የደለበ በሬ አንድ ቀንበር ላይ የጠመደ ሰው ያውቀዋል፤ እርሻው የሚሄደው በከሲታው እግር ነው። ከሲታው ሲወድቅ የደለበውም ይቆማል። ከዚያ ኮምፒውተር ሰክተው የመኪናዋ ስክሪን «ሙሉ» እንዲል ያደርጉታል። አቡ ራሚ በዚህ ጊዜ ቢስሚላህ ይላል። ቢስሚላህ ብሎ ሲዋሽ ስሰማ ጆሮዬን መታጠብ ያምረኛል።

«አዲስ ባትሪ ቢገዛ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ይበላል፤ ማን ይገዛል?» ይላል እየሳቀ። «የዚህ አገር ሰው መመርመሪያ ይዞ ይመጣል። ሩቅ ያለ ሰው ግን ፎቶ ነው የሚያየው። ከሩቅ አገር ደግሞ መኪና ተመልሶ አይመጣም።»

አገራችን የነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከሏን የሰማ ቀን አቡ ራሚ እንደ ሠርግ ነው የተደሰተው። ማታ ከሰይድ ጋር በቪዲዮ ሳወራ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ አንዲት ነጭ መኪና አሳየው። የዚያችን መኪና ጭቃ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ሳላውቅ እርስ በርስ ፎቶ ይላላኩ ጀመር።

ሰይድ ላይ አልፈርድም። ወረፋ ጨርሶታል። ቤንዚን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ሲገዛ የቀኑ ሥራ እዚያው ያልቃል። «ማታ መብራት ላይ ይሰኳታል፣ ጠዋት ከመርሳ ወልድያ እያመላለሱ ይውላሉ፣ በቃ» ብሎ አሰበ። አባታችን የተዉልንን በመስኖ የሚለማ የማንጎ ማሳ ለመኪናዋ ዋጋ ብሎ ለብዙ ዓመት በኮንትራት ሊሰጥ ተስማማ። እማየ የምትኖረው ከዚያ ማሳ ነው። ሌላ ምንም የላትም።

የአገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ትልቅ ነገር ሲታሰብ መጀመሪያ ዱአ ይደረጋል። እማየ እንደነገረችኝ፣ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ መኪናዋ ስላልነበረች የሰይድን ስልክ ፎቶዋ ላይ ከፍተው መሐል አስቀመጡት። ስክሪኑ እየጠፋ ሲያስቸግር አንዱ በጣቱ እየነካ አበራው። ሼህ እንድሪስ መረቁ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ዱአ የተደረገበትን ነገር ደግሞ ማን ይጠራጠራል?

በሳምንቱ አቡ ራሚ ጋራዥ ጠርቶኝ፣ ሰይድ ጋ ደውሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገ። «ለወንድምሽ ተርጉሚለት። ባትሪው ልክ እንደ አዲስ ነው በይው። ወላሂ በይው።»

 ሻሼን አፌ ላይ አላደረግሁም። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ፈገግ እያልኩ፣ በአማርኛ እንዲህ አልኩ፦ «ሰይድ፣ ሰውየው ውሸታም ነው። ባትሪው ጎርፍ የጠጣ ነው፤ በእጄ አጥቤዋለሁ። ወልድያ ይቅርና ሲሪንቃን እንኳን ሳታልፍ ትቆምብሃለች። ውሃ የገባበት ደግሞ እሳት ይነሳበታል ይላሉ። ማሳውን እንዳትሰጥ።»

«ምን እያልሽ ነው?» አለ ሰይድ።

«ባትሪ፣ ባትሪ ስትይ ሰማሁ» አለ አቡ ራሚ።

«ባትሪው ጥሩ ነው አልኩት።»

«ታባረክ አላህ!»

ሰይድ ግን ተቆጣ። «ዱአ ተደርጎበት? አገር ሁሉ ሰምቶ? አንቺ ከቤንዚን ወረፋ ርቀሽ ሆድሽ ሞልቶ ነው የምታወሪው። ሰው ሲለወጥ ቅናት ያዘሽ?» ብሎ ዘጋው።

«ደስ አለው?» አለኝ አቡ ራሚ።

«በጣም» አልኩት።

ያን ቀን ምንም አልበላሁም። ሼህ እንድሪስን በሕይወቴ አናግሬያቸው አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሲያልፉ ወደ አጥር ጠጋ ብዬ ነው የማሳልፋቸው። በማግስቱ እማየን ስልክሽን ይዘሽላቸው ሂጂ አልኳት።

«ሼህ፣ ይማሩኝ፤ እርስዎ ዱአ ያደረጉባት መኪና ባትሪዋ አሮጌ ነው፤ የተጣፈ ነው።»

«አሮጌስ እኔም ነኝ፣ ልጄ። ተጥፌያለሁም።» ሲስቁ ሰማኋቸው። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ጠየቁኝ፦ «በዓይንሽ አይተሻል?»

«በእጄ አጥቤዋለሁ።»

«እኛ ዱአ ያደረግነው ለሰይድ ነው። ለብረት ዱአ አድርጌ አላውቅም። እሱን ለኔ ተይው።»

ተውኩላቸው። ሰይድን አስጠርተው ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ማሳው ግን አልተሰጠም። እኔን እስካሁን አያናግረኝም። ባጃጁን ይዞ ወልድያ ይሰለፋል አሉ።

አቡ ራሚ ሰይድ መተዉን ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ኻላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሞልቷል» አለ። ነጯ መኪና በሳምንቱ ወደ አቃባ ወደብ በጭነት መኪና ሄደች። ከመጫኗ በፊት መስታወቷን እንድወለውል ታዘዝኩ፤ ወለወልኩ። በቦታዋ ሌላ ጭቃ የሞላባት ገባች። አሁንም ጣቴ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ዳቦ ቆርሼ ወደ አፌ ሳስጠጋው የሚቀድመኝ እሱ ነው።

ትናንት እማየ ደወለች። ማንጎው አበባ ይዟል አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውርቼ የማላውቀውን ያህል አወራኋት፤ እንዴት ፈገግ እያልኩ ለሰይድ እንደነገርኩት፣ ሰውየው ምንም እንዳልጠረጠረ፣ መኪናዋ ተጭና ከግቢ ስትወጣ ግልግል እንዳልኩ። «ተመስገን፣ ሄደችልን!» አልኳት።

እማየ ጠየቀችኝ።

«ወደ ማን?»