ሸጊቱ ጣና ዳር

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን የሆነ ነው። የፋሲካ ሰሞን እኔና ባለቤቴ ጣና ዳር የሚኖሩ አክስቱን ልንጠይቅ ከወረታ ወረድን። በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን የሰጠችኝን ቡችላ «ሸጊቱ» ብዬ ስም አውጥቼላት ነበርና እሷንም ታቅፌ ሄድሁ።

ሸጊቱ ያን ያህል ውሃ አይታ አታውቅም። ሞገዱ ሲመጣ ትሸሻለች፣ ሲመለስ ትጮህበታለች። እኔም እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ ስስቅባት ቆየሁና ድንገት ዞር ስል የለችም። ለካስ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወደ ደሴቱ ገዳም ሊሻገሩ ታንኳቸውን ሲገፉ፣ ዘልላ የእህል ስልቻቸው ላይ ጉብ ብላለች።

«አባቴ! ቡችላዬን!» ብዬ ጮኽሁ።

መነኩሴው ዞረው አዩዋትና መቅዘፋቸውን አቆሙ።

«ሴት ናት ወንድ?» አሉኝ ከውሃው ላይ።

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፈርሁ።

«ሴት ናት፣ አባቴ!»

«በስመ አብ! እኛ ገዳም ሴት ዶሮ እንኳ አትገባም!» ብለው ታንኳቸውን መለሱ።

ዳር ሲደርሱ መስቀላቸውን ተሳልሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ቡችላዋን በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው ሊሰጡኝ ሲሉ ሆዷን አዩና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ የገበሬ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ይኸ እኮ ወንድ ነው!» አሉና መሬት አስቀመጡት።

የምገባበት ጠፋኝ። ባለቤቴን ዞር ብዬ ባየው እሱም አፉን ይዞ ቀርቷል። ወደ መነኩሴው ስመለስ፣ ሸጊቱ ዳግመኛ ስልቻው ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።