ዋና የማይችለው የጀልባ አለቃ

በዚያ አገር ሐይቅ ከሐይቅ ጋር ጎረቤት ነው። አንዱን ጨርሰው ቀጭን መሬት እንደተሻገሩ ሌላው ይጀምራል፤ እሱንም ሲጨርሱ ሌላ አለ። ከሩቅ ከተማ መጥቶ ፏፏቴውንና የወፎቹን ደሴት ማየት የፈለገ እንግዳ መጀመሪያ የሚያገኘው አለቃን ነው። አለቃ ማዕረግ የለውም። ጀልባ ከሚቆምበት የእንጨት መድረክ ላይ በዕድሜም በሥራም ሁሉንም ስለሚቀድም ቀዛፊዎቹ እንደዚያ ይሉታል። አረንጓዴ ጀልባውን በየዓመቱ ራሱ ቀለም ይቀባል፤ መቀመጫዋን እንኳ ሚስቱ እንድትወለውልለት አይፈቅድም። ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ጉማሬ የት እንደሚተኛ፣ የትኛው እንግዳ ጨዋታ እንደሚወድ፣ የትኛው ዝም እንዲሉት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ዋና ግን አይችልም። ለመሳቅ አትቸኩሉ፤ ከመድረኩ ሽማግሌዎች አንድም የሚችል አልነበረም። ከአባቶቻቸው የወረሱት እምነት ነው፦ ዋና የሚማር ቀዛፊ ጀልባውን አላመናትም ማለት ነው፣ ያልታመነች ጀልባ ደግሞ ትቀየማለች፣ ተቀይማም ትገለበጣለች። ስለዚህ እንግዳውን የነፍስ አድን ጃኬት አስረው ያለብሱና እነሱ በሸሚዝ ይቀዝፋሉ። "እናንተስ?" ሲባሉ፣ "እኛማ እዚሁ ነው የተወለድነው" ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። ውሃ ዳር የተወለደ ሁሉ ይዋኝ ይመስል።

ታዲያ በዝናቡ ወራት ከቱሪዝም ቢሮ አንዲት ወጣት ሠራተኛ መጣችና መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። የእንግዳው ወቅት ሲከፈት፣ ሰው የሚጭን ሁሉ ከመድረኩ እስከ ቀዩ ተንሳፋፊ በርሜል ዋኝቶ መመለስ አለበት አለች። ያልቻለ አይቀዝፍም። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አለቃ ወደ ጀልባው ሄዶ የታሰረውን ገመድ እንደገና ያጠብቅ ጀመር።

ሚስቱ ግን መፍትሔ አላጣችም።

"ጀልባዋን ለወንድሜ ስጠው፤ አንተ ትኬት ቁረጥ።"

"ትኬት? እኔ?"

"ምን አለበት? ጥላ አለው፣ ወንበር አለው።"

አለቃ በዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ሰው ጀልባውን ይዞ ሲሄድ ታየው። ሞቼ እገኛለሁ አለ በሆዱ።

ከኮረብታው ጀርባ በሸምበቆ የተከበበች፣ ማንም የማይደርስባት ትንሽ ሐይቅ አለች። በማግስቱ ለሚስቱ እንጨት ልፈልግ ብሎ ወደዚያ ሄደ። ሱሪውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና በውስጥ ሱሪ ብቻ ገባ። ውሃው ወገቡ ላይ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለው። ቆመ። ቆየ።

"እዚያ ቆመህ ልትበቅል ነው?" የሚል ድምፅ ከሸምበቆው ወዲያ መጣ።

ዘወር ሲል ከውሃው በላይ አንድ ጭንቅላት ብቻ አየ፤ ያውም የአማቱን። ቤት ውስጥ ጉልበታቸው ታሞ ከሶፋ ሲነሱ ሁለት ሰው የሚደግፋቸው ሴትዮ ናቸው። አለቃ ደግሞ አማቱ ፊት ጮክ ብሎ እንኳ የማያስነጥስ ሰው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ መሬቷ እምቢ ስላለች እስከ አንገቱ ዘጭ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ፍርሃቱ የከለከለውን እፍረት በአንዴ አስደረገው።

"እማማ፣ እባክዎ ፊትዎን ያዙሩልኝ።"

"አዙሬ ስትሰምጥ ማን ሊያይህ?"

በደሴት ተወልደው ያደጉት አማቱ፣ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ስለማያማቸው በየጠዋቱ ሌላው ሳይነሳ ምርኩዛቸውን ይዘው እያዘገሙ፣ ተደብቀው ይዋኙ ኖሯል። ልጃቸው ብትሰማ በር ቆልፋ ታስቀምጣቸዋለች። በዚያው ተስማሙ፤ እሱ ምስጢራቸውን ሊጠብቅ፣ እሳቸው ሊያስተምሩት።

ትምህርቱ ጉድ ነበር። በደረቱ ሲሞክር ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ ሲጠጣ የአማቱን አንገት ያንቃል። አንድ ቀን ሁለቱም ሊሰምጡ ደርሰው ዳር ወጡና ቁጭ አሉ። አለቃ ለማንም ያልነገረውን ያን ጊዜ ነገራቸው።

"አባቴ ከዳር ሳይርቅ ነው የሰጠመው። እያየሁት። ጀልባዋ ተቀይማው ነው አሉኝ።"

"ጀልባ አይቀየምም፣ ልጄ" አሉት። "አባትህ ዋና ቢችል ኖሮ የልጅ ልጁን ያይ ነበር።"

አለቃ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አማቱ እስኪወጣለት ጠበቁትና፣ "ና፣ አሁን በጀርባህ ትተኛለህ። ጭንቅላትህን ለኔ ስጠኝ" አሉት። ጭንቅላቱን መዳፋቸው ላይ አሳረፈ። ሰማዩን ብቻ አየ።

"እጄን ላነሳ ነው።"

"እንዳያነሱ።"

"አንስቻለሁ።"

የፈተናው ቀን መድረኩ በሰው ተጨናነቀ። ሽማግሌዎቹ ማናችንም አንገባም ብለው መክረው፣ አለቃ ደህና አድርጎ እንዲናገርላቸው ይጠብቃሉ። አለቃ ሸሚዙን አወለቀ።

"አለቃ፣ ጤና የለህም እንዴ?" አለው አንዱ።

አለቃ ውሃው ውስጥ ገባና በጀርባው ተንጋለለ። ወጣቶቹ ሳቁ። በጀርባው የሚዋኝ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያይም፤ አለቃም ቀስ በቀስ በርሜሉን ትቶ ወደ ዳሩ ሸምበቆ ያመራ ጀመር። ያኔ አማቱ ያለ ማንም ድጋፍ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ወደ ቀኝ፣ ልጄ። ወደ ቀኝ።"

"እማዬ፣ አንቺ ስለ ዋና ምን ታውቂያለሽ?" አለች ልጃቸው። የሚሰማት አላገኘችም።

እጁ በርሜሉን ነካ። ሲመለስ ነፋሱ ተነሣ፤ አንድ ማዕበል ፊቱ ላይ ፈሰሰና ከሰው ዓይን ጠፋ። ሚስቱ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። አለቃ እያሳለ ብቅ አለ፣ እንደገና ተንጋለለና ቀጠለ። መድረሱን ያወቀው ጭንቅላቱ ከመድረኩ እንጨት ጋር ሲጋጭ ነው። ሰዉ በጭብጨባ አደባለቀው። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩና፣ አንዱ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

"አልፈዋል አባባ" አለች የቢሮዋ ልጅ፣ እጇን እየዘረጋች። "ይውጡ፣ በረዶ ነው ውሃው።"

አለቃ የእንጨቱን ጠርዝ እንደያዘ ሐይቁን ዞር ብሎ አየው። ያን ሁሉ ዘመን በላዩ ተመላልሶ፣ አንድ ቀን እንኳ ለራሱ አልገባበትም ነበር።

"ቆዪ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳዝናና ኖሬያለሁ" አላት። "እኔ ገና አሁን መምጣቴ ነው።"

መድረኩን በእግሩ ገፋና በጀርባው ተንጋልሎ ወደ ሰፊው ውሃ ሄደ።