ፈረስ ያልገባበት ሥራ ቤት

ዋንዛ ሲላግ ሽታው ለስለስ ያለ ነው፤ እንደ ጥድ አፍንጫ አይሰብርም። ትናንት አንድ ደንበኛ ቁም ሣጥን ላሠራ ብሎ በጋሪ ያስጫነውን የዋንዛ ሳንቃ አስሬ መላግ ስጀምር ያ ሽታ እጄን ያዘኝ። መላጊያውን አስቀምጬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ «ደከመህ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አልደከመኝም ነበር።

አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚሁ ግቢያችን አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረ፤ ሥራ ቤታቸው እሱ ነበር። ጉቶ ላይ ተቀምጠው፣ እንጨቱን በእግራቸው ጣቶች ጨብጠው ይጠርባሉ። ፈረሰኛው ከነፈረሱ ጥላው ሥር ይገባል። አባቴ ያላለቀውን የኮርቻ እንጨት ፈረሱ ጀርባ ላይ ያስቀምጡና ጣታቸውን ከሥሩ ሰደው ይዳብሳሉ፤ የሚቆረቁር ቦታ ሲያገኙ አውርደው ትንሽ ይፍቃሉ፣ መልሰው ይጭናሉ። ለአንድ ኮርቻ ይህንን ሃያ ጊዜ ያደርጉታል፤ በመሀል ፈረሱን በአገውኛ ያባብሉታል። «ኮርቻ የሚለካው ለፈረሱ ነው፤ ሰውማ ምን ላይ ቢቀመጥ ይለምዳል» ይሉ ነበር። በእሳቸው ኮርቻ ጀርባው የተገጠበ ፈረስ አይታወቅም ነበር። ስማቸውም ክብራቸውም ይኸው ነበር።

ችግሩ ዝናቡ ነው። የእንጅባራን ክረምት ያላየ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሰማዩ በተከፈተ ቁጥር አባቴ ሥራቸውን ጥለው ይገባሉ፣ እንጨቱ ይርሳል፣ ወገባቸውን ይይዛቸዋል። እኔ በበኩሌ ዳንግላ የእንጨት ሥራ ተምሬ፣ እዚያው ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ በአንድ እጄ ምስክር ወረቀት በሌላው ውሃ ልክ ይዤ ተመለስኩ። ያጠራቀምኩትን ሁሉ አፍስሼ ለአባቴ ወግ ያለው ሥራ ቤት ልሠራላቸው ቆርጫለሁ። ትዕቢት ከፍቅር ጋር ከተደባለቀ መድኃኒት የለውም።

ለቤቱ የሚመቸው ደልዳላ ቦታ ዋንዛው የቆመበት ነበር።

«አባባ፣ ዛፉ ቢቆረጥ ጠረጴዛውም መደርደሪያውም ከሱ ይወጣልዎታል» አልኳቸው።

ቀና ብለው ዛፉን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉ።

በእኛ አገር አንድ አባት እንዲህ ሲል እሺ ማለቱ እንዳልሆነ ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን መጋዙን ተበድሬ መጣሁ።

ዛፉ የወደቀ ቀን ግቢያችን ራቁቱን ቀረ። እናቴ ከጓዳ ስትወጣ ፀሐዩ ወግቷት ዓይኗን በመዳፏ ጋረደች። ከዚያ ሲሚንቶው በጋሪ መጣ፣ ቆርቆሮው መጣ። ጎርፍ እንዳይገባ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርጌ ሁለት ደረጃ ሠራሁለት። ወለሉን ሊሾ አደረግሁት፤ ፊት ያሳይ ነበር። ከዋንዛው ባንኮ የምንለውን የሥራ ጠረጴዛ ሠርቼ፣ እንጨት የሚያስረውን ሞርሳ ገጠምኩበት። መሮውም መጋዙም መዶሻውም የየራሱን ምስማር አገኘ። ውሃ ልኬን ያላሳረፍኩበት ቦታ አልነበረም።

«ይሄ የኮርቻ ነው የሙሽራ ቤት?» አለች እናቴ እየሳቀች።

አባቴ በር ላይ ደርሰው ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አወለቁ። በገዛ ሥራ ቤታቸው በባዶ እግራቸው ገቡና ባንኮውን ዳሰሱት። በእኔ ቁመት የሠራሁት ስለነበር ደረታቸው ጋ ይደርስ ነበር። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። እኔም ተባረክሁ ብዬ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ፈረስ ደረጃዎቹን እንደምንም ወጣ። አንድ ኮቴውን ሊሾው ላይ ሲያሳርፍ አዳለጠው፤ በርግጎ ወደ ኋላ ወረደ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። «ይለምዱታል» አልኩ እኔ። አልለመዱትም። ከዚያ ወዲያ ፈረስና ባለቤቱ ደጅ በፀሐይና በዝናብ ይቆሙ ጀመር። አባቴ ደጅ ለክተው፣ ደረጃ ወጥተው፣ ጫማ አውልቀው፣ ቆመው ይፍቁና መልሰው ይወርዳሉ። ዝናብ የመታው ባለፈረስ «ይበቃል፣ ግድ የለም» ይላል። ሃያው ልክ ሦስት ሆነ። ወርደው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ቢሠሩ ማን ከለከላቸው? እኔ ነበርኩ፤ ከመስኮቱ ሆኜ አያቸዋለሁ፣ እሳቸውም እንዳይከፋኝ ተመልሰው ይገባሉ።

መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አንድ ሽማግሌ ከግምጃ ቤት ከተማ መጥተው በጥር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል የሚሆን ኮርቻ አሠሩ። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግራቸው ተመለሱ። ጀርባው ላይ ያለበሱትን ጨርቅ ገለጡት። ቁስሉ የመዳፍ ያህል ነበር።

«ወንድሜ፣ ከእርስዎ እጅ ይህን አልጠበቅሁም» አሉ።

አባቴ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አዩ። «እጄ አርጅቷል። ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኙ። «ለመሆኑ ያን የመሰለ ዋንዛ ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አሉ አባቴ።

መላጊያ ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሁለት ደረጃ ወርጄ «ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የአባቴ እጅ ምንም አልሆነም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። አፈርኩ፤ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ኮርቻ አልሠሩም። እኔ በቤታቸው አልጋና ሶፋ ስሠራ እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር፤ ፈረሰኛ ሲያልፍ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

ከዓመታት በኋላ አልጋ ላይ ሲውሉ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ያኔ ለምን ዝም አሉኝ? አትቁረጥ ቢሉኝ ኖሮ እኮ...»

ፈገግ አሉ። «ቤት ይዞልኝ ለመጣ ልጅ ዛፌን ተውልኝ ይባላል?»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ትራሱን ቀና አድርግልኝ» አሉ። ቀና አደረግሁላቸው። በሳምንቱ አረፉ።

ተዝካራቸው እንዳለፈ ደረጃዎቹን በመዶሻ አፍርሼ አፈር ሞላሁበት። ሊሾውንም ኮቴ እንዳያዳልጥ በመሮ ወቀርኩት። «አሁን ማን ሊገባበት ነው?» አለች እናቴ። ደጃፉ ላይ የተከልኳት ዋንዛ ዛሬ ከጣሪያው በልጣለች፤ ጥላዋ ሥር ባጃጅ ይቆማል።

ትናንት ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ ሳንቃውን ያመጣው ጋሪ ገና አልሄደም ነበር። ፈረሱ ጥላው ሥር ቆሟል። የጋሪው ማሰሪያ ጀርባውን ገጥቦታል። ተነስቼ እንደ አባቴ ጣቴን ከማሰሪያው ሥር ሰድጄ ዳበስኩ። ፈረሱ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። ግን ጣቴ ምን መፈለግ እንዳለበት አያውቅም። ዳንግላ ድረስ ሄጄ ስማር፣ ከአባቴ ጉቶ አጠገብ ቁጭ ብዬ አንድ ቀን እንኳ «አሳዩኝ» ብያቸው አላውቅም።