የማያዝንልኝ ሰው ፍለጋ

ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር በዓይኔ ሳላየው ነው ለእሱ ትእዛዝ መጻፍ የጀመርኩት። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ የውጭ አገር ሰው የፈተና ወረቀት ሊያስመቱ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን በእጃቸው የያዙትን መጽሐፍ እያገላበጥኩ ጥያቄ ባበዛሁባቸው ጊዜ፣ መጽሐፉን አውሰውኝ ሄዱ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ግማሹን በመዝገበ ቃላት፣ ግማሹን በእልህ አነበብኩት።

መጽሐፉ ፈንክሽን ስለምትባል ነገር ያወራል። ትንሽ የትእዛዝ ቁራጭ ናት፤ ቁጥር ትቀበላለች፣ የታዘዘችውን ትሠራበታለች፣ አንድ መልስ ትመልሳለች፣ በቃ። እኔ ግን ይህችን "በቃ" ለመረዳት ክረምቱን ሙሉ ፈጀሁ። ቁጥርን እጥፍ የምታደርግ ጻፍኩ፤ ከሁለት ቁጥር ትልቁን የምትመርጥ ጻፍኩ፤ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ።

መምህሩ ወረቀቶቼን አይተው አንድ ሥራ ሰጡኝ። የእኛን ሰዓት ተቀብላ የፈረንጅ ሰዓት የምትመልስ ፈንክሽን።

"ለገና ዕረፍት አዲስ አበባ እሄዳለሁ" አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው። "እዚያ የኮምፒዩተር ማሽን ያለበት ቤት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ትእዛዝሽን አንድ ጊዜ ብቻ ማሽኑ ውስጥ ያስገባልናል። ልክ ከሆነ ለሥልጠና እንዲቀበሉሽ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስሕተት ካለ ግን ማሽኑ አያዝንልሽም።"

አንድ ጊዜ ብቻ። እንግዲህ አስቀድሜ የምሞክርበት ማሽን ያስፈልገኛል። አብሬያት የምኖረውን አክስቴን ማሽን አደረግኳት። ጣሳ ፊቷ አስቀምጬ ሽምብራ እጨምርበታለሁ፤ ሽምብራው ሰዓቱ ነው። ትእዛዙን አነባለሁ፣ እሷ ትሠራለች። ስድስት ጨምሪ። አሥራ ሁለት ከሞላ አሥራ ሁለቱን አውጪ። የቀረውን ንገሪኝ። ሦስት ሰዓት ስሰጣት ዘጠኝ ትላለች፤ ሰባት ስሰጣት አንድ። ሁሉም ልክ ሆነ። ጮቤ ረገጥኩ።

አንድ እሑድ ታዲያ ወረቀቱን በንጹሕ ስገለብጥ አንዱን መስመር ዘልዬው ኖሯል። መስመር የጎደለበትን ትእዛዝ አነበብኩላት፤ አሁንም ልክ መለሰች።

"እቴቴ፣ ስድስት ጨምሪ አላልኩሽም እኮ።"

"ረስተሽው ነዋ። ሁልጊዜ ትዪው የለ? እኔው ጨመርኩልሽ።"

"ማሽን እንዲህ አያደርግም።"

"እንግዲያው ማሽንሽ አሳዳጊ የበደለው ነው" አለችና ሽምብራዋን መለቃቀም ጀመረች።

እስከዚያ ቀን ልክ የመሰለኝ ሁሉ የእኔ ልክነት ይሁን የአክስቴ ደግነት በምን ልወቅ? የሚወደኝ ሰው ሁሉ የጎደለውን ይሞላልኛል። ስለዚህ የማይሞላልኝ መፈለግ ነበረብኝ። አስቤ አስቤ አንድ ሰው አገኘሁ፤ አጥር የሚዋሰኑንን ጠላ ሻጭ ጎረቤታችንን። ያሰጡትን ብቅል ዶሮዎቻችን ከለቀሙባቸው ወዲህ ሰላምታ ነሥተውናል።

"ከእሷ ደጅ ልትቆሚ?" አለች አክስቴ። ጣሳዬን ይዤ ወጣሁ።

"እትዬ፣ ትንሽ ቢያግዙኝ ብዬ ነበር።"

"አላግዝም።"

"እሱኑ ነው የምፈልገው። የምልዎትን ብቻ ያድርጉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም እንዳይጨምሩልኝ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ለእናንተ ቤት ሰው? ምን ቆርጦኝ እጨምራለሁ።"

ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት ጀምሬ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ደህና ሄድን። ስድስት ሰዓት ላይ ስድስት ሽምብራ ጨመሩ፤ አሥራ ሁለት ሞላ፤ አሥራ ሁለቱን አወጡ። ከዚያ እጃቸውን አጣጠፉ።

"ስንት ቀረ?"

"ምንም።"

"አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት እኮ፣ እትዬ።"

"እኔ ምን አውቄ። አውጪ አልሽ፣ አወጣሁ። ጣሳው ባዶ ነው። ሰዓት ከፈለግሽ ከሌላ ቤት ጠይቂ።"

አክስቴ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ባዶ ጣሳ ልትሰጠኝ ስላልወደደች፣ ያወጣቻቸውን አሥራ ሁለቱን ትነግረኝ ነበር። ለካ ፈንክሽኔ ቀትር ላይ ሰዓት የላትም።

እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጬ ባዶ ከሆነ አሥራ ሁለት ጨምሪ የሚል መስመር ጻፍኩ። መጀመሪያ ያለ ቦታው፣ ከማውጣቱ በፊት አስገባሁት፤ እሳቸውም ያለ ቦታው ሠሩት፤ ጣሳው እንደገና ባዶ ቀረ። አዛወርኩት። በሌላ ቀን መልሱን ይንገሩኝ የሚለውን ብረሳ፣ መልሱ ፊታቸው እያለ ጣሳው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ጭጭ አሉ። እንዲህ ያለ ማሽን ከየት ይገኛል። ሳልታክት ተመላለስኩ፤ መምህሩ አውቶቡስ እስከሚሳፈሩበት ቀን ዋዜማ ድረስ ሁሉንም ሰዓት እየደጋገምን ሞከርን።

ከገና በኋላ መምህሩ ረጅም ወረቀት ጠቅልለው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ዓይኔን በቀጥታ ስድስተኛው መስመር ላይ ጣልኩ። አሥራ ሁለት ይላል። ሌሎቹን ከዚያ በኋላ ነው ያየሁት።

ደብዳቤውን የዚያኑ ቀን ጻፉልኝ፤ የመታሁትም እኔው ነኝ። ሥልጠናው እስኪጀመር ድረስ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ዓመተ ምሕረቱን ተቀብላ ጳጉሜ አምስት ቀን ወይም ስድስት መሆኗን የምትናገር ሌላ ፈንክሽን ጀመርኩ። ጎረቤታችን አክስቴን ሰላምታ እንደነሡ ናቸው። እኔን ግን በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ፣ "ዛሬስ ምን ረሳሽ?" ይሉኛል።