ላስቲክ የነከሰ ሽማግሌ

እሑድ እሑድ ጠዋት ሐይቅ ከተማ ኳስ ሜዳ ላይ የሚንደፋደፉ ጎልማሶች ካያችሁ እኛ ነን፤ ጤና ቡድን ይሉናል። ቦርጭ ልናጠፋ እንወጣና ግማሻችን እያነከስን፣ ግማሻችን ወገባችንን ይዘን እንመለሳለን። ጤነኛ ሆኖ ቤቱ የሚገባው ኳሷን ያልነካ ብቻ ነው። እኔ ሃምሳን አልፌም አጥቂ ነኝ እላለሁ፤ የሚያምነኝ ጠፋ እንጂ።

ያን ሰሞን ግን ከኳስ የባሰ ጣጣ ነበረብኝ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት የእህቴ ልጅ አንዲት ልጅ ወድዶ እህል አልበላ አለኝ። የልጅቷ አባት የቡድናችን ተከላካይ ነው፤ የእህል ነጋዴ፣ እንደ ጆንያው የከበደ ሰው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁበት። በኛ ወግ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። የኔዎቹ ግን የተጠበሰ ዓሣ ሲቀርብላቸው ወጉ ይጠፋባቸውና ጠግበው፣ «ከዘመድ ልማከር» ተብለው ይመለሳሉ። ሰውየው አውቋቸዋል። ልጁ ደግሞ ሦስተኛው ካልተሳካ በባሕር አረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ቆርጧል። በዚያ መንገድ ሄደው የቀሩትን ስለማውቅ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ መሃል እኔና ሰውየው ለአንድ ኳስ ዘለልን። ኳሷን ያገኛት የለም፤ ክርኑ ግን አፌን አገኘው። የላይኛው የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ። ደሴ ያለው የጥርስ ሐኪም ወደ ቦታው መለሰልኝና በልኬ የተሠራ ላስቲክ አለበሰው።

«እስኪጠና ሾርባ ብቻ ጠጣ፤ እንዳታወልቀው፣ እሱ ከወጣ ጥርሱም ይወጣል» አለኝ። «ከዳንክ በኋላም ስትጫወትና ስትተኛ አድርገው። ጥርሶችህ ተበልተዋል፤ ሌሊት ታፋጫለህ መሰለኝ።»

«ወላሂ ዶክተር፣ ወፍጮ ቤት ነው የምተኛው» አለች ባለቤቴ። ይህን የምትነግረው ሰው ስትፈልግ ኖራለች።

የቡድኑ ሰዎች ላስቲኩን ልጓም አሉት። እኔን ዝም ያሰኘ ሐኪም ሊሸለም ይገባል ተባለ።

በሦስተኛው ሽምግልና እኔም ሄድኩ። ስናገር ከቃሌ ምራቄ ስለሚቀድም ንግግሩን ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ለሚበልጡት ሸህ ተውኩ። ሸሁ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው አሳምረው ጨረሱ።

«ኢንሻአላህ እናያለን፤ መጀመሪያ እህል ቅመሱ» አለ ሰውየው። ዓሣው መጣ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጥበው ቢስሚላህ ሊሉ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እጄን አጣምሬ ተቀምጫለሁ። ምን ላድርግ? አማች ልሆን በመጣሁበት ቤት ምራቅ የሚያዝረበርብ ላስቲክ ከአፌ ላውጣ? ሸሁ ወጉን የጠበቅሁ መስሏቸው አፍረው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ዓይናቸውን ግን ከሳህኑ ማንሳት አቃታቸው።

«ብላ እንጂ» አለኝ ሰውየው።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እህሌን ተጸየፍከው?»

አሁንም ነቀነቅኩ። ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ እኔ ምራቄን እውጣለሁ፣ እሱ ንዴት የምውጥ ይመስለዋል። በመጨረሻ ድምፁ ተለወጠ።

«በክርኔ ነው፤ አውቄዋለሁ። ሐቅህ እኔ ላይ ነው። ቂም ይዘህ ከቤቴ አትውጣ። ልጄን ለልጅህ ሰጥቻለሁ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

ሸሁ፣ ሰውየው ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ ቶሎ የፋቲሐ ዱዓ አስደረጉ። እጃቸው ከዱዓው በቀጥታ ዓሣው ላይ አረፈ።

ሰውየው ግን እርቁን ሊያጸና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። የታራቂን ጉርሻ መመለስ እርቁን መመለስ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ላስቲኩን ሳብኩት። ሐኪሙ አልዋሸም፤ ጥርሴ አብሮት መጣ።

ሰውየው መዳፌን አየ። ላስቲኩን አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ያልተነካውን ዓሣዬን አየ።

«ቂም አልነበረም?» አለኝ።

«መብላት አቅቶኝ ነው» አልኩት። መዋሸት እችል ነበር፤ በደም አፍ ግን ውሸት አልመጣልኝም። የእህቴን ልጅ በዓይነ ሕሊናዬ በጀልባ ላይ አየሁትና ፈራሁ።

ሰውየው ጉርሻውን መልሶ ፈታው። እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመ፣ አሳንሶ ጠቀለለውና በማይደማው በኩል አጎረሰኝ።

«ጥርስህን መልሼ መትከል ብችል ልጄን አስቀር ነበር» አለኝ።

እህቴ ትዝ አለችኝና እዚያው አለቀስኩ። ሸሁ «ጥርሱን አሞት ነው» ብለው ለሰዉ አስረዱና የኔን ዓሣ ወደ ራሳቸው ሳቡት።