አልጨፍን ያለው ዐይኔ

ጠዋት ነበር። አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ፈሰሰብኝ። ደገምኩት። አሁንም ፈሰሰ። መስታወት አየሁ። የግራ ፊቴ ወርዷል። ዐይኖቼን ልጨፍን ስሞክር ቀኙ ተጨፈነ፤ ግራው ፈጦ ቀረ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከነርስ ትምህርት ቤት ተመርቄ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ከተመደብኩ አራት ወሬ ነበር። ከጓደኞቼ መካከል እዚያ የተመደብኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ እኮራበት ነበር።

እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ልትጨምቅ ተነሣች። እኔ ግን ስትሮክ መሰለኝ። እጄን አነሣሁ። ታዘዘኝ። እግሬም ታዘዘኝ። ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ከጊዮርጊስ በታች ካለው ቤታችን ወጣሁ።

ሆስፒታላችን ደርሼ ያየኝ ዶክተር ቅንድቤን ወደ ላይ እንዳነሣ ጠየቀኝ። ግራው አልተነሣም።

"ስትሮክ ቢሆን ግንባርሽ ይንቀሳቀስ ነበር" አለኝ። "ይሄ የፊት ነርቭ መድከም ነው፤ ፌሻል ፓልሲ ይባላል። አብዛኛው ሰው ይድናል። እኔን የሚያሳስበኝ ዐይንሽ ነው። ካልተጨፈነ የፊቱ ስስ ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ ይደርቃል፤ ከደረቀ ይቆስላል።"

የነርቩን እብጠት የሚቀንስ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። ለዐይኔ ቅባት ሰጠኝ፤ ስተኛም በፕላስተር እንድዘጋው ነገረኝ።

በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። ማስኩ አፌን ይሸፍንልኛል ብዬ ነው። የኦፕራሲዮኑን ኃይለኛ መብራት አላሰብኩትም። ዐይኔ ያነባ ጀመር። እጄ ጓንት ውስጥ ነው፤ መጥረግ አልችልም። መቀስ ተጠየቅኩ። መቆንጠጫ ሰጠሁ። ቀዶ ሐኪሙ አልተቆጣም። "ሲስተር፣ አንቺ ውጪ፤ ሌላ ሰው ይተካ" አለ ብቻ። ወጣሁ። ልብስ መለወጫው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ነርስነት በቃኝ ብዬ ደመደምኩ። የሕመም ፈቃድ ወስጄ ፒያሳ ታይፕ መማር ጀመርኩ። የአክስቴ ልጅ ጨርቅ ሱቅም ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ሞከርኩ፤ ገበያተኛው ከጨርቁ ይልቅ ፊቴን ሲያይ በሦስተኛው ቀን ተውኩት። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ነጠላዬን ስቤ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ግን በዚያ ዘመን በምደባ የያዙትን ሥራ እንዲሁ ጥሎ መሄድ አይቻልም። ልልቀቅ ብዬ የነርሶች ኃላፊዋ ማትሮናችን ዘንድ ሄድኩ።

"ታመሽ ሳለሽ አትወስኚ" አሉኝ። "እስኪሻልሽ ዐይን ክሊኒክ ሥሪ። ከጠላሽው የመልቀቂያ ማመልከቻሽን እኔ ራሴ እሸኝልሻለሁ።"

እዚያ በገባሁ በሁለተኛው ቀን አንድ የአትክልት ተራ ተሸካሚ መጡ። የጎመን ጆንያ ሲያወርዱ እንጨት ዐይናቸውን ወግቷቸው ቆስሏል። "ዐይኔ ተሸፍኖ ሸክም አልችልም" ብለው ፋሻውን እምቢ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"የአንቺስ ምን ሆኖ ነው፣ ልጄ?"

"አልጨፍን ብሎኝ ነው፣ አባባ። እኔም ስተኛ እሸፍነዋለሁ።"

"እንዲህ ሆነሽ ሥራ ትገቢያለሽ?"

"ይኸው እርስዎን እያከምኩ አይደል?"

ሳቁ። "እንግዲህ እኔና አንቺ አዋጥተን አንድ ጥንድ ዐይን አለን" ብለው ፊታቸውን ሰጡኝ። ዐሥር ቀን ሳያቋርጡ ተመላለሱ፤ ቁስሉም ዳነ።

ያን ሰሞን ነው የጎደለኝን ያወቅኩት። ኦፕራሲዮን ክፍል በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ነው የሚደርሰኝ፤ በአራት ወር ውስጥ የአንዱንም ታሪክ ከራሱ አፍ አልሰማሁም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ቅንድቤ ነዘር አለ፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ዐይኔ ሙሉ በሙሉ ሲጨፈን ቀዶ ሐኪሙ ቦታዬ እንደሚጠብቀኝ ላከብኝ፤ ሁለት ቀን ሳስብ ቆየሁና፣ ዐይን ክሊኒክ ልቅር የሚል ማመልከቻ በገዛ እጄ በታይፕ መትቼ ለማትሮኗ ሰጠኋቸው። ቃላቸውን ጠብቀው ሸኙልኝ።

እንደኔ ፊታችሁ አንድ ጠዋት ቢወርድባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። የቅጠል ጭማቂ ዐይናችሁ ውስጥ አታስገቡ። እናቴ ግንባሬንና አንገቴን ብቻ ታሸኝ ነበር፤ እጇ ደስ ይለኝ ስለነበር አልከለከልኳትም። መስታወት በየሰዓቱ አትዩ፤ ለውጡ የሚታየው በሳምንት ነው።

እናቴን፣ ዶክተሩን፣ ከሁሉ በላይ "አትወስኚ" ያሉኝን ማትሮን አመሰግናለሁ። ዛሬም ሲደክመኝ ግራ ፊቴ ትንሽ ዝቅ ይላል። በሽተኞቼ ያዩና ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እነሱም የራሳቸውን መናገር ይጀምራሉ።